የሰባተኛው ደቂቃ ቡጢ

ቡጢው የኤርሜስ ግራ ዓይን ላይ ሲያርፍ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ "እህ!" አለ። በሲኒማው ሸራ ላይ ያለው ፊት ቤት ያክላል። ቅንድቡ ተተረተረ፤ ደሙ ወደ አፉ ወረደ፤ ሁለተኛው ቡጢ እዚያው ቁስሉ ላይ ገባ፤ በሦስተኛው ቡጢ ዓይኑ ፈሰሰ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። አንድ ሰውዬ አፉን በመሐረብ አፍኖ የሰው እግር እየረገጠ ወጣ።

ሎሪስ ሸራውን አላየም። አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈውን ቀኝ እጁን ነበር የሚያየው። ሸራው ላይ የሚማታው እጅ ይኸው ነው፤ የመሐል ጣቱ አንጓ ላይ ያን ቀን የተሰነጠቀው ጠባሳ አሁንም አለ። በቀኙ በኩል የተቀመጠው ደግሞ ራሱ ኤርሜስ ነው፤ የእህቱ የኒቬስ ባል፣ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ጀልባ አብሮት ዓሣ ያጠመደ።

"አየኸኝ?" አለ ኤርሜስ በሹክሹክታ። "ወይ ጉድ! ለካ ድሮም መልኬ አያስቆጭም!"

"ዝም በል እስቲ።"

"ምነው? አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያይህ ማፈር ትወዳለህ።"

ኤርሜስ ሎሪስን ሁልጊዜ በግራው፣ በማያይበት በኩል ነው የሚያስቀምጠው። ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ጀምሮ፣ በመንገድም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በጀልባም ላይ እንደዚያው ነው። "በዚህ በኩል አንተ ካለህልኝ ምንም አይመጣብኝም" ይላል። ይህን ባለ ቁጥር ሎሪስ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

ነገሩ የሆነው አምና በየካቲት ነው፤ በከተማችን በኪዮጃ፣ ዓሣ በምናራግፍበት መጋዘን ውስጥ። ኮራዶ ፌራንቴ የሚባለው ዳይሬክተር ከሮም መጥቶ ትወና የማያውቁ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ፈለገ። ለሃያ ቀን የሰጠው ገንዘብ በክረምት ሦስት ወር መረብ ብንጥል የማናገኘው ነው፤ ከተማው ሙሉ ተሰለፈ። የተመረጡት ሎሪስና ኤርሜስ ሆኑ። የመጨረሻው ትዕይንት ድብድብ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጹት፤ አሥራ አንዴም ፌራንቴ ቆቡን መሬት ላይ እየወረወረ ጮኸ።

"እየተሻሻችሁ ነው እንጂ እየተማታችሁ አይደለም! ሙሽሮች ናችሁ እንዴ?"

ከዚያ ሎሪስን ለብቻው ከበረዶ ሣጥኖቹ ጀርባ ወሰደው።

"ስማኝ የኔ አንበሳ። ኤርሜስ ከልብህ እንድትመታው ይፈልጋል። ራሱ ነው የነገረኝ።"

"እሱ በአፉ ይንገረኛ።"

"ያፍራል። እንዳትነግረው ብሎ አስምሎኛል። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት ይለምናል? ሁለት ሦስት ቡጢ ነው፤ ይከላከላል፤ ያልቃል። ሁላችንም ቤታችን እንገባለን።"

ሎሪስ ሄዶ መታ። ኤርሜስ ግን አልተከላከለም። እጁን እንደ አንጠለጠለ፣ ፊቱን እንደ ሰጠ ቆመ። ለምን እንደዚያ እንደቆመ ሎሪስ እስከዛሬ አልገባውም፤ ጠይቆም አያውቅም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የሎሪስ አባት ሊሞቱ ሲሉ የጀልባውን መሪ የሰጡት ለልጃቸው ሳይሆን ለአማቻቸው ነው። "ኤርሜስ ባሕሩን ያውቃል፤ አንተ መረቡን ያዝ" አሉት፤ ያውም በሰው ፊት። ሎሪስ ያን ቀን ሳቀ፤ ለእህቱም ደስ አለኝ አላት። ዓመታት አለፉ። እዚያ መጋዘን ውስጥ የመጀመሪያው ቡጢ ለፊልሙ ነበር። ሁለተኛውም ይሁን ለፊልሙ። ሦስተኛው ግን ለመሪው ነው፤ ይህን የሚያውቀው ሎሪስ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ኤርሜስ ፊቱ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ "በረዶው አዳልጦት ነው፤ እጅ ይስታል፤ ማንም እንዳይናገረው" አለ። ከተማው ሁሉ እሱን አምኖ ዝም አለ። ሎሪስም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይኸው አንድ ዓመት ከመንፈቁ። ኒቬስ ግን ዛሬ የፊልም ፌስቲቫሉ ወዳለበት ወደ ሊዶ ነይ ስትባል "የባሌ ዓይን ሲፈስ ሁለት ጊዜ አላይም" ብላ ቤቷ ቀርታለች።

ፊልሙ አለቀ። መብራቱ በራ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የማስታወቂያ ኃላፊዋ ሚሬላ በስድስት ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ አስጠንታቸዋለች። ቀጭን ናት፤ ስታወራ ስልኳን አትለቅም።

"ሰዉ ብድግ ይላል" ነበር ያለቻቸው። "እኛም ብድግ እንላለን። ጋዜጠኞቹ ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ በስልካቸው ሰዓት ይይዛሉ። ትናንት ለስፔኖቹ ፊልም ስምንት ደቂቃ ከግማሽ ተጨበጨበ። ከዚያ ካነስን ነገ ስማችንን የሚያነሳ የለም፤ ፊልሙንም የሚገዛ አይኖርም።"

"ስምንት ደቂቃ ሙሉ ቆመን ምን እናደርጋለን?" አለ ኤርሜስ። "ለጳጳሱም እንዲህ አይጨበጨብ!"

"ታለቅሳላችሁ። ትተቃቀፋላችሁ። ካሜራ የያዘው ልጅ ተራ በተራ ፊታችሁን ሲያነሳ ሸራው ላይ ትወጣላችሁ። ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ አዲስ ፊት ያሞቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመሐላችን ማንም እንዳይቀመጥ። ባለቤቶቹ ከተቀመጡ ሰዉም ኮቱን ይዞ ይወጣል።"

"ሽንቴ ቢመጣስ?"

"ይያዙት።"

እንዳለችውም ሆነ። አዳራሹ ብድግ አለ፤ ጭብጨባው እንደ በረዶ ዝናብ ወረደ። በግራና በቀኝ መተላለፊያው ላይ የቆሙት ጋዜጠኞች ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ካሜራው ፌራንቴን አነሳ፤ ፌራንቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። በሁለተኛው ደቂቃ አለቀሰ፤ እንባውን ሳይጠርግ ተወው። በሦስተኛው የራሱን ሚስት ሳመ። በአራተኛው ፊልም አንሺውን አቀፈ። በአምስተኛው የፊልም አንሺውን ሚስት አቀፈ። አምስት ከግማሽ ላይ ከላይ ደርብ ያሉት እጃቸው ደከመ መሰለኝ ጭብጨባው ሳሳ፤ አንዳንዱም ቦርሳውን መፈለግ ጀመረ።

ሚሬላ በወንበሮቹ መካከል ጎንበስ ብላ እየሮጠች መጣች። "ኮራዶ! ወደ ዓሣ አጥማጆቹ! አሁን!"

ፌራንቴ ሁለት ወንበር ተሻግሮ መጣና በሎሪስና በኤርሜስ መካከል ገባ። ሁለቱንም በአንገታቸው ይዞ ወደ ራሱ ጎተታቸው። የሦስቱም ፊት ሸራው ላይ ወጣ፤ የኤርሜስ ሰው ሠራሽ ዓይን መብራቱን መለሰው። ሕዝቡ አየ። አሁን ገባውና ጮኸ፤ ጭብጨባው ካቆመበት በእጥፍ ተነሳ። ፌራንቴን የልብ ልብ ተሰማው። የሎሪስን ቀኝ እጅ ይዞ ቡጢ አስጨበጠው፤ አስጨብጦም ቀስ አድርጎ የኤርሜስ ግራ ዓይን ላይ አሳረፈው። "ብራቮ!" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ኤርሜስ ደስ ብሎት ጥርሱን ገለጠ። 

"ታያለህ ኤርሜስ?" ብሎ ፌራንቴ በጆሮው ጮኸበት። "አንድ ቃል ነው ይህን ሁሉ ያመጣው! 'ከልብህ ምታው' ባልለው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፌራንቴ ነገሩ ድሮ ተነግሮ ያለቀ መስሎታል፤ ለእሱ ጥሩ ጨዋታ ነው። ኤርሜስ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። በደህናው ዓይኑ ለማየት አንገቱን ሙሉ አዞረ።

"ምን አልከው አልክ?"

"ምታው አልኩታ! አንተን ደግሞ እጅህን እንዳታነሳ፣ እሱ አይነካህም አልኩህ። ሁለታችሁም እንደ ልጅ አመናችሁኝ!"

ሎሪስ ሰማ። ኤርሜስ ያን ቀን እጁን ለምን እንዳላነሳ የገባው ያኔ ነው። ሰውዬው አንዱን አስሮ፣ ሌላውን ለቅቆ፣ ካሜራውን ይዞ ነበር የቆመው።

"ሎሪስ" አለ ኤርሜስ። አልጮኸም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የታየው። "ታውቅ ነበር?"

"አንተ ፈቅደሃል አለኝ።"

"እኔ?"

"አስምሎኛል አለኝ! በእናቴ!"

"ወንዶች፣ ወንዶች" አለ ፌራንቴ ወደ ካሜራው እየሳቀ፤ "ስድስት ደቂቃ ከሃምሳ ነን፤ ተቃቀፉ።"

ሎሪስ መታው።

ኪዮጃ ውስጥ መረብ የሚጎትት ሰው ክንድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የፌራንቴ አፍንጫ ሲሰበር ድምፁ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል ተሰማ። በጀርባው ወንበሮቹ ላይ ወደቀ፤ የራሱ ሚስት ጭን ላይ። ሎሪስ ተከተለው፤ በሸሚዙ ይዞ አነሳውና ደገመው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ነጩ ሸሚዝ እስከ ቀበቶው ቀላ። ካሜራ የያዘው ልጅ ደንግጦ ይሁን ለምዶበት አላቆመም፤ ሁሉም ነገር ደሙም፣ ጥርሱም፣ የሎሪስ የተገለበጠ ቢራቢሮ ከረባትም ቤት አክሎ ሸራው ላይ ነበር።

የሚያጨበጭቡት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ከዚያ ከላይ ደርብ አንድ ሰው "ብራቮ!" ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። አይ የሰው ነገር! የታሰበበት መሰላቸው፤ ከፊልሙ የቀረ ትዕይንት እዚያው ፊታቸው የተጨመረላቸው መሰላቸው። ኮታቸውን የያዙት ኮታቸውን ጣሉ። ወንበር ላይ የወጡ ነበሩ። እግራቸውን ከወለሉ ጋር ይመቱ ጀመር፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከመተላለፊያው አንዱ ጋዜጠኛ "ሰባት! ሰባት ደቂቃ!" ብሎ ጮኸ።

ፌራንቴ ተነሳ። ሚስቱ "ኮራዶ፣ ዶክተር" ትላለች፤ አልሰማትም። ሕዝቡን አየ፤ ሸራው ላይ ያለውን የራሱን የደም ፊት አየ። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሎሪስን በሁለት ክንዱ አቀፈው፤ ደሙ የሎሪስን ጉንጭ አረጠበው።

"ድገመኝ" አለው በጆሮው። ትንፋሹ ደም ደም ይላል። "አንድ ብቻ። እዚህ ጋ፣ ቅንድቤን። አሥር ደቂቃ እንገባለን።"

"ልግደልህ?"

"እሱንም እንዳታስቀር።"

የሎሪስ ክንድ ወደ ኋላ ተሳበ። ደሙ ፈልቷል፤ እንዳለውም ሊያደርግለት ነበር። ኤርሜስ ከኋላ "ምታው! ጨርሰው ይኼን ውሻ!" ይላል። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ እያጨበጨበ ይጠብቃል። ሎሪስ የፌራንቴን ፊት አየ። አልፈራም ሰውዬው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን አንጠልጥሎ ፊቱን ሰጥቶ ቆሟል። ልክ ኤርሜስ እንደቆመው፣ ግን እያወቀ። ይህ ቡጢ ቅጣት ሳይሆን ስጦታ እንደሆነ ሎሪስ ገባው። 

ቡጢውን ፈታ። ዞረና ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

"ተነስ!" አለች ሚሬላ ከወንበሩ ሥር፣ ሱሪውን እየጎተተች። "በሞቴ ተነስ! ሃያ ሰከንድ! ሃያ ሰከንድ ብቻ!"

አልተነሳም። ኤርሜስ ለትንሽ ጊዜ ቆሞ አየው፤ ከዚያ እሱም ተቀመጠ። ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያው፣ ቀጥሎ ልብስ የምታለብሰዋ ሴት ተቀመጡ። ሸራው ላይ ባዶ መደዳና አንድ የሚደማ ሰው ቀሩ። ጭብጨባው ግራ ተጋባ፤ እዚህም እዚያም ተቆራረጠ፤ ሰዉ ኮቱን አነሳ። ፌራንቴ ብቻውን ለራሱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሰባት ስምንት ጊዜ አጨብጭቦ ተወ።

"ስምንት ከሃያ" አለ አንዱ ጋዜጠኛ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፌራንቴ አፍንጫው ላይ ጥጥ ይዞ ወንበር በእርግጫ ይመታል። "አሥር ሰከንድ! ስፔኖቹ በአሥር ሰከንድ በለጡን!" ይላል። አንድ ሸምገል ያለ ፖሊስና ሁለት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ሎሪስና ኤርሜስ ግድግዳው ሥር ቆመዋል።

"ጌታዬ፣ ቀላል ነው" አለች ሚሬላ ለፖሊሱ። "ለምርቃቱ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ነው። ኮራዶም ክስ አያቀርብም። ሎሪስ፣ አዎ በላቸውና ቤትህ ግባ። አንድ ቃል ናት።"

"እንደዚያ ነው?" አለ ፖሊሱ።

ኤርሜስ በደህናው ዓይኑ ሎሪስን ያያል። ሎሪስ አዎ ቢል ጸቡ ጨዋታ ይሆናል፤ ጥፋቱ ሁሉ የሮሙ ሰውዬ ይሆናል፤ ኤርሜስም ተታልለን ነው ብሎ ይቅር ይለዋል። ሰኞ በጀልባ ይወጣሉ። ሁሉ ነገር እዚያች ቃል ላይ ነበር።

"አይደለም" አለ ሎሪስ። "ከልቤ ነው የመታሁት።"

"በቃ ይኸው፣ አበደ" አለች ሚሬላ።

"አምናም" አለ ሎሪስ ወደ ኤርሜስ ዞሮ። "ይሄ ሰውዬ አታልሎኛል፤ እውነት ነው። ፈቅደሃል ብሎኝ ነው የጀመርኩት። ሦስተኛውን ግን እሱ አላዘዘኝም። እጅህን እንዳላነሳህ አይቻለሁ። እያየሁ ነው የመታሁህ። አባባ መሪውን ለአንተ ስለሰጡህ ነው።"

 ፌራንቴ ጥጡን ከአፍንጫው አወረደና "ካሜራ ያለው ሰው የለም እንዴ እዚህ?" አለ።

ኤርሜስ በግንባሩ ነበር የመታው። የሎሪስ ቅንድብ ተከፈለ። ቀጥሎ በቡጢ ሆዱን፣ ቀጥሎ አገጩን፣ ሎሪስ በግድግዳው ተንሸራቶ ሲወርድ ደግሞ በጉልበቱ ጎድኑን። "አሥራ ስምንት ወር!" ይላል እያለቀሰ። "አሥራ ስምንት ወር አስተኛሁህ ቤቴ! ልጆቼን አቀፍክ!" ሎሪስ እጁ እንደ ተንጠለጠለ ነበር። አላነሳውም። ጠባቂዎቹ ሊይዙት ሲንደረደሩ "ተዉት" ያለው ራሱ ሎሪስ ነው፤ ከአፉ ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ።

ኤርሜስ ደክሞት አቆመ። ማንም አላጨበጨበም።

ውጭ ገና ፀሐይ ነበር። ቀዩን ምንጣፍ ለሚቀጥለው ፊልም በመጥረጊያ እየጠረጉት ነው፤ ልጃገረዶች ከአጥሩ ጀርባ የሌላ ሰው ስም ይጠራሉ። ፖሊሱ ሎሪስን ቃሉን ሊቀበል ወደ ፖሊስ ጀልባዋ ወሰደው። አልታሰረም፤ መሐረቡን ቅንድቡ ላይ ይዞ ነው የሄደው። ኤርሜስ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ተከተላቸው።

"አንተ ደግሞ ወዴት?" አለው ፖሊሱ።

"የሚስቴ ወንድም ነው።"

"አሁን አይደል እንዴ ልትገድለው የነበረው?"

"እሱም ነው፣ ይሄም ነው" አለ ኤርሜስና ዘሎ ገባ።

ጀልባዋ ላይ አንድ አግዳሚ ብቻ ነው ያለው። ኤርሜስ መሐሉ ላይ ተቀመጠ። ሎሪስ ከልማዱ የተነሳ ሳያስበው ዞሮ በግራው በኩል ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

"እዚያ አይደለም" አለ ኤርሜስ።

ሎሪስ ቆመ።

"ለኒቬስ የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አልነግርልህም። ሰኞ ደግሞ ባሕር ከወጣን ከፊቴ ነህ።" በቀኙ፣ በሚያይበት በኩል ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ወዲህ ዙር። ከእንግዲህ እያየሁህ ነው።"

ሎሪስ የኤርሜስን ጉልበት አልፎ ተሻገረና በቀኙ ተቀመጠ።